ጋሽ ቧንቧና የረግረግ አበባዬ

በየሰፈሩ ጡረታ ወጥቶ እጁ ግን አርፎ መቀመጥ ያቃተው አንድ ባለሙያ አይጠፋም። ለእኛ የደረሱን ጎረቤቴ፣ የቀድሞው የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። "ጋሽ ቧንቧ" እንላቸዋለን፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። ዕድሜ ልካቸውን ከሚያፈስ ነገር ጋር ሲታገሉ ስለኖሩ እርጥብ መሬት ሲያዩ ደማቸው ይፈላል።

እኔ ደግሞ ጓሮዬ ውስጥ ከወንዝ ዳር ያመጣሁት አበባ አለኝ። በየዓመቱ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ፣ እግሩ ጭቃ ውስጥ ካልሆነ የሚሞት የረግረግ አበባ ነው። ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ላስቲክ አንጥፌ፣ አፈር መልሼ ረግረግ ሠራሁለት። ሁለት ዓመት ቅጠል ብቻ ሲያሳየኝ ከርሞ ዘንድሮ እንቡጥ ያዘ። ሙቀቱ ሳይቀድመው ሲፈካ ላየው ጓጉቻለሁ።

ጋሽ ቧንቧ ያዩት ጭቃውን ነው።

"አንቺ ልጅ፣ እታች መስመሩ ፈንድቷል።"

"አልፈነዳም ጋሼ። ሆን ብዬ ነው።"

"ሆን ብሎ ጓሮውን የሚያጨቀይ ሰው አላየሁም።"

ገበያ ደርሼ ስመለስ ያልፈነዳ ቧንቧ ፍለጋ ቆፍረው ላስቲኬን በስተውታል። "ውሃው የተጠራቀመበትን አገኘሁልሽ፤ ለቀቅኩት" አሉኝ፣ ምስጋና እየጠበቁ። እንደምንም ጠገንኩት። በሳምንቱ የጓሮዬን ቧንቧ በመፍቻ ጠርቅመው ዘጉት፤ እንኳን እኔ ጎረምሳም አይከፍተውም። ብቆጣ "ቤትሽ ሊሰምጥ ነው" ይሉኛል። እንዳይገቡ አጥሬን በሽቦ አጠርኩ። በማግስቱ "ሽቦሽ ላልቷል" ብለው፣ በእኔ በኩል ቆመው ወጠሩልኝ።

ሙቀቱ በባሰበት ሰሞን እህቴ ወልዳ፣ በሰው ያስከፈትኩትን ቧንቧ ለአበባው በስሱ ለቅቄለት ልጠይቃት ሄድኩ። እዚያው እያለሁ ሰፈራችን ውሃ መጥፋቱን ሰማሁ። በቃ፣ አበባዬን በልቤ ቀበርኩት። ጋሽ ቧንቧንም ስረግም ሰነበትኩ፤ ደስ ይበላቸው፣ ደርቆላቸዋል።

ስመለስ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ከጋሽ ቧንቧ በርሜል የተነሳ ቀጭን ጎማ አጥሩን አልፎ ጭቃው ላይ ያንጠባጥባል። አበባው ሐምራዊ ሆኖ ፈክቷል። የበርሜሉ ውሃ ለመታጠቢያ ያጠራቀሙት ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ከታጠቡ የሰነበቱ ይመስላሉ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጎማውን ጫፍ ጠበቅ ላላ ያደርጋሉ።

"በሕይወቴ የሚያፈስ ነገር ሠርቼ አላውቅም" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። "አሳፋሪ ሥራ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።"

አልናገርም ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝም። እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ።