ልክ በልኩ የማትሮጠው አክስቴ

ጥቅምት አሥራ አራት፣ ሐሙስ። አክስቴ አረፈች። የአሥር ኪሎ ሜትር ልምምዷ ከግማሽ ትንሽ አልፎ፣ ሳያልቅ ቀረ።

በየቤተሰቡ አንድ «ቀጥሎስ?» ባይ አለ። የግድግዳው ቀለም ሳይደርቅ ጣሪያውን የሚያይ፣ ልጁ የምረቃ ልብሱን ሳያወልቅ ስለ ሁለተኛ ዲግሪ የሚጠይቅ ሰው። እንዲህ ያለውን ሰው መጨረስ አያሳርፈውም፤ ያናድደዋል። በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዘችው ክብርት አክስቴ ነበረች።

ልብስ ሰፊ ነበረች። «ዕድሜ ልኬን የስፌት መኪና በእግሬ ስረግጥ ኖርኩ፤ አንድ ስንዝር ፈቀቅ አላልኩም» እያለች ትስቃለች። አንዲት ነርስ ደንበኛዋ የጀማሪዎች የሩጫ ፕሮግራም ስልኳ ላይ ጫነችላት፤ ጥቂት ሮጦ ጥቂት መራመድ፣ በመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ሳይቆሙ መሮጥ። እኛ ሳቅን። እሷ ከመጋረጃ ትራፊ አበባ አበባ ያለበት ቱታ ሰፋች። ከሩቅ ላያት መስኮት የሚሮጥ ይመስላል።

ከስልኩ ውስጥ አንድ ትሁት ሰውዬ «አሁን ይራመዱ» ሲላት፣ «ደክሞህ ከሆነ አንተ ተራመድ» ትለዋለች። ከታዘዘው ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ትጨምራለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት በሐዘኔታ አየችኝ።

«ጨርቅ ልክ በልኩ ይቆረጣል? ለእጥፋት ካልተውክለት ልብሱ ይጠብሃል። ሩጫም ያው ነው።»

ይህን ክርክር የረታ እስካሁን አልተገኘም።

ታላቅ ወንድሟ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ትወድቃለች ብሎ ፈራ። ስለዚህ የአደጋ መብራቱን እያብለጨለጨ በመኪና ከኋላዋ ያዘግም ጀመር። ከእሱ ኋላ ደግሞ የመንደሩ መኪና ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ተሰለፈ። ባለሱቁ ከበሩ ብቅ ብሎ፣

«ሠርግ ነው ቀብር?» አላት።

«ከሁለቱም አምልጬ ነው!» ብላው አለፈች።

ፕሮግራሙን የፈጸመች ዕለት ስልኩ አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። ነርሷ አበባ ይዛ መጣች።

«ይኼማ አለቀ፤ ቀጥሎስ?» አለች አክስቴ፣ ላቧን ሳትጠርግ።

«አሁን እንኳ ትንሽ ይረፉ እንጂ፣ እትዬ።»

«ዕረፍቱን ለወንድሜ ስጪልኝ፤ ከኋላዬ ሲነዳ ደክሞታል። እኔ ወደ አሥር ኪሎ ሜትር ነኝ።»

አሥሩን እያጋመሰች ሳለ፣ ከዓመታት በፊት በቀዶ ሕክምና የወጣላት ዕጢ ተመለሰ። ሐኪሙ ከዚህኛው እንደማትድን አልደበቃትም፤ አቅሟ እስከፈቀደ ግን እንድትንቀሳቀስ ነገራት። ወንድሟ ይህን የመጨረሻውን ቃል መስማት አልፈለገም። የሩጫ ጫማዋን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው።

«አንቺ ሴት፣ አርፈሽ ተኚ!»

«ጋሼ፣ ተኝቶ የዳነ ካለ አምጣና አሳየኝ።»

ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው። ሩጫው ሶምሶማ ሆነ፣ ሶምሶማው እርምጃ። ግቧን አሳጠረች እንጂ አልሰረዘችም። ዛሬ እስከ ድልድዩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ዳቦ ቤቱ። ከእኛ ጋር የነበራት ጠብ በሙሉ ይኸው ነበር፤ በቀራት ዕድሜ እኛ እናስተኛት፣ ወይስ እሷ ትሂድ።

ለቅሶ ላይ አንዱ ለሌላው «ሩጫው ነው የገደላት» ሲል ሰማሁ። ሥራዬ መዝገብ ጠባቂነት ነው፤ የተማርኩትም እሱኑ ነው። ሐሰት ሲመዘገብ ዝም አልልም። ስለዚህ ይጻፍ፦ ሩጫ አልገደላትም። የገደላት ዕጢው ነው። ሩጫ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ አርባ ዓመት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠችን ሴት ከወንበሯ ማስነሣት ነው። በመጋረጃ ቱታዋ ስስቅ የኖርኩት እኔ፣ ዛሬ ማንም ቢስቅባት እጣላዋለሁ። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ እንደ ልባችሁ ሳቁበት። ጫማውን ግን አትደብቁበት።

የሞተችበት ሳምንት፣ ሰኞ ከሰዓት። የወንድሟ መነጽር እጀታው ተሰብሮ ለጥገና ተሰጥቶ ነበር። ማንም ሳይልካት ወጣች። አጥር እየተደገፈች ሄደች፤ ስትመለስ የሰው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች። ወንድሟ በር ላይ ጠበቃት።

«ማን ሂጂ አለሽ?» ብሎ ጮኸ።

መነጽሩን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችና ዓይኑ ላይ አደረገችለት።

«ማንም» አለችው።