አምስት ነጥብ አንድ ጆሮ

[ደባርቅ፤ ከቀትር በኋላ፤ የያርጋል ሳሎን። ያርጋል በስልኩ ላይ ስለ ድምፅ ጥራት አንድ ጽሑፍ ካነበበ ወዲህ፣ በከተማው ውስጥ ሰላምታውን የሚመጥን ሰው አጥቷል። ሳንቃ በር በሚባለው ተራራ ለቱሪስት በቅሎ የሚነዳው የአክስቱ ልጅ ክንዴ ጋቢውን ለብሶ፣ አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ እንደ ክርስትና አባት ታቅፎ ቆሟል።]

ያርጋል፦ አስቀምጠው አልኩህ እኮ!

ክንዴ፦ የት ላስቀምጠው? አምስት ናቸው አልከኝ፣ አምስቱን አስቀመጥኩ። ይኸ ስድስተኛ ነው።

ያርጋል፦ ስድስተኛ አይደለም! እሱ ነጥብ አንድ ነው። አምስት ነጥብ አንድ!

ክንዴ፦ ከሁሉም የሚገዝፈው፣ ወገቤን የቆረጠው፣ እሱ ነው ነጥብ?

ያርጋል፦ ነጥብ አንድ።

ክንዴ፦ ከአሥር አንድ? አስራት ነዋ! ለቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ከሆነ ታዲያ እዚህ ምን አስታቅፎ አቆመኝ?

ያርጋል፦ ኧረ በማርያም! የጎርናናው ድምፅ ማውጫ ነው። መሬት ላይ አድርገው። ነጎድጓድ የሚወጣው ከሱ ነው።

ክንዴ፦ [እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ እያወረደው] ነጎድጓድ ነው እንዴ ያስታቀፍከኝ? ምናለ ስትሰጠኝ ብትነግረኝ!

ያርጋል፦ አሁን ቀኙን ወደ ቀኝ ሳበው።

ክንዴ፦ የማንን ቀኝ?

ያርጋል፦ ቀኝ ስንት ነው?

ክንዴ፦ አንተ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረሃል፣ ቴሌቪዥኑ ወደ አንተ ዞሯል። እኔ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ማኅሌት ላይ ፊት ለፊት ሲቆሙም እንዲሁ እየተምታታብኝ ነው ያደግሁት።

ያርጋል፦ በእኔ ቀኝ! እዚህ ቤት ሁሉም ነገር የሚለካው በእኔ ነው!

ክንዴ፦ [አማትቦ] እሱ ይቅር ይበልህ። ኮምፒውተሩስ መቼ ይመጣል?

ያርጋል፦ ክንድህን የተደገፍክበት ምንድነው?

ክንዴ፦ [ዘሎ ይነሣል] ይኸ? ይኸማ የንስሐ አባቴን የአባ ቃለ አብን የዳዊት ማኅደር ነው የሚያህለው!

ያርጋል፦ ጥበቡ እሱ አይደል! ሌላው ሰው ቁም ሣጥን የሚያህል ሲገዛ፣ እኔ በእነዚህ ጣቶቼ ብሎን በብሎን ገጥሜ በዚህች ሣጥን አስገባሁት። ፊልሙ እዚህ፣ ድምፁ እዚህ። ይቺ ደግሞ ማዘርቦርዷ።

ክንዴ፦ የማን ማዘር?

ያርጋል፦ የኮምፒውተሩ! ሁሉም ዕቃ የሚንጠለጠለው እሷ ላይ ነው።

ክንዴ፦ [ከንፈሩን መጥጦ] እናት የትም አገር ያው ናት። ግን አያ ያርጋል፣ ይኸ ሁሉ መከራ ለምንድነው? ሬድዮህ ምን አጠፋች?

ያርጋል፦ ሽማግሌ ስልክባት ሊድያ ምን ብላ መለሰች?

ክንዴ፦ “ጆሮ ያለው ሰው ከሆነ አስብበታለሁ” ነዋ ያለች።

ያርጋል፦ ይኸውልህ! የሰው ልጅ ሁለት ጆሮ ነው ያለው። እኔ አምስት ነጥብ አንድ ገጠምኩላት። አባቷ መሪጌታ ተክለ ማርያም ዛሬ እሷን ይዘው ይመጣሉ። “ቤቱንም ሰውየውንም ዓይተን እዚያው እንቆርጣለን” ብለዋል። ዛሬ ካልሆነ አልቆልኛል፤ ዳባት ደግሞ ሌላ ጠያቂ አላት፣ አንድ አስተማሪ። መሪጌታ ዕድሜያቸውን በዜማ የፈጁ ሰው ናቸው፤ ይህን ድምፅ ሰምተው ልጃቸውን ቢነፍጉኝ ምን አለ በለኝ!

ክንዴ፦ እሷ ግን… ጆሮ ስትል… ሰው ሲያወራት የሚያዳምጥ ማለቷ ይሆን?

ያርጋል፦ ምን አልክ? ሽቦ እያሰርኩ አልሰማሁህም።

ክንዴ፦ ተወው፣ ምንም አላልኩ።

ያርጋል፦ በል መካከል ላይ ተቀመጥ። ሰራውንድ ልጀምር ነው። ድምፁ አሁን ዙሪያህን ይከብሃል።

ክንዴ፦ ምን አጠፋሁ?

ያርጋል፦ በአራቱም ማዕዘን ነው የሚከብህ!

ክንዴ፦ በየት በኩል ነው ታዲያ የምወጣ?

ያርጋል፦ አትወጣም፣ ትደሰታለህ! ኤችዲ ነው፤ ከፍተኛ!

ክንዴ፦ ከፍተኛስ ራስ ዳሽን ወጥቼ ዓይቸዋለሁ። ራስ ያዞራል እንጂ አያስደስትም።

[ያርጋል ቁልፉን ይጫናል። ከፊት ዝናብ ይወርዳል፤ ከኋላ ነጎድጓድ ያጓራል። ክንዴ ብድግ ይላል።]

ክንዴ፦ የእማዬ ብቅል! እማዬ ብቅል አስጥታለች!

[ሮጦ በሩን በርግዶ ይወጣል። ደጅ ላይ ፀሐይዋ ቁጭ ብላ ታየዋለች። አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ያርጋል ሆዱን ይዞ ምንጣፉ ላይ ይንከባለላል።]

ያርጋል፦ ብቅል! ወይኔ ብቅል! ሣጥን ውስጥ ያለ ዝናብ ብቅልህን ሊያረጥበው! አንተ የሰው ጅል፣ የእውነቱን ከፊልሙ መለየት ያቅትሃል?

ክንዴ፦ እኔማ ምን ላድርግ፣ የሰማሁትን ሰማሁ።

ያርጋል፦ ጥፋቱ የዓይንህ ነው። ሊቃውንቱ የጻፉትን አንብቤያለሁ፤ ዓይን ሲታሰር ጆሮ ይፈታል። እየው። [ሻርፑን አውልቆ ዓይኑን ጥፍር አድርጎ ያስራል፤ ወንበሩ ላይ እንደ ንጉሥ ይደላደላል።] አንተም ጨፍን። እንግዶቹ እስኪመጡ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እንሞክረው።

[ክንዴ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሁለቱንም ከጨፈነ እንቅልፍ እንደሚጥለው ያውቃል። እጁን ሣጥኑ ላይ ያሳርፋል።]

ክንዴ፦ አያ ያርጋል፣ ይኸ ነገር ይንቀጠቀጣል።

ያርጋል፦ ፋኑ ነው። የሚያቀዘቅዘው።

ክንዴ፦ በደባርቅ? ደባርቅ ተቀምጠህ ማቀዝቀዣ አስገባህበት? ምን በደለህ?

ያርጋል፦ እሽ! ስማበት።

[ክንዴ ሆዱ አይችልም። ጋቢውን ገፎ፣ አጥፎ ደራርቦ ሣጥኑን ይጠቀልልበታል፤ ጫፉንም እንደ ሕፃን ልጅ ወሸቅ ያደርግለታል። ሣጥኑ ጥቂት ያቃስታል፤ ይግላል፤ ከዚያ እስትንፋሱ ቁርጥ ይላል። ዝናቡም ነጎድጓዱም አብረው ያበቃሉ።]

ክንዴ፦ [በሹክሹክታ] ሞቀውና ተኛ።

ያርጋል፦ ሰማኸው?

ክንዴ፦ ምኑን?

ያርጋል፦ ዝምታውን! እንዲህ ያለ ዝምታ በተራ ድምፅ ማጉያ አይገኝም! እየው እንዴት ጥርት እንዳለ! ከግራም ዝም፣ ከቀኝም ዝም። ነጥብ አንዱ ደግሞ በጎርናናው ዝም ይላል።

ክንዴ፦ ሣጥኑ እኮ ተኝቷል።

ያርጋል፦ የተኛኸውስ አንተ! [ከቤቱ ጀርባ የኮቴ ድምፅ ይሰማል።] መጣ! ከኋላ! ፈረሰኛው መጣ!

ክንዴ፦ ይኸ በቅሎ ነው።

ያርጋል፦ ፊልም ላይ በቅሎ የለም!

ክንዴ፦ ቀን ከሌት አብሬያት እየኖርኩ በቅሎ ይጠፋኛል?

ያርጋል፦ ዞረ! በቀኝ በኩል ዞረ! አሁን ፊት ለፊት ቆመ! ወይ ጥራት!

[በሩ ይንኳኳል።]

መሪጌታ፦ [ከውጭ] ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ? ቤቶች!

ያርጋል፦ አማርኛ! በአማርኛ የተተረጎመ ነው! ክንዴ፣ ይኸን ደግሞ ሳላውቀው አብሮ አስገብቼዋለሁ!

ክንዴ፦ ኧረ ሰው መጥቷል። ልክፈት።

ያርጋል፦ ቁጭ በል! አሁን በብቅሉ ተዋርደህ አሁን ደግሞ ለፊልም በር ልትከፍት?

[ክንዴ ስለ ብቅሉ ትዝ ሲለው ያፍራል፤ ይቀመጣል።]

መሪጌታ፦ [ያስላሉ] ሰው የለም እንዴ?

ያርጋል፦ የትርጉሙ ሰውዬ ግን አልተዋጣለትም። ድምፁ ክረምት እንደመታው ከበሮ ነው።

መሪጌታ፦ ማን ነው ከበሮ?

ክንዴ፦ መለሰልህ እኮ!

ያርጋል፦ ዘመናዊ ነዋ! መሪጌታ ሲመጡ ግን ይኸን ሽማግሌ ድምፁን እቀንሰዋለሁ። እሳቸው እንዲህ ያለ ሻካራ ጉሮሮ አይወዱም።

መሪጌታ፦ አልወድም?

ሊድያ፦ [ከውጭ] ያርጋል! እኛ ነን! ክፈት እንጂ፣ አባዬ ብርድ ላይ ናቸው!

ክንዴ፦ ስምህን ጠራች!

ያርጋል፦ መጥራት ነው እንጂ! መጀመሪያ ስከፍተው ስምህ ማነው ብሎኝ አስገብቻለሁ። ባለቤቱን ያውቃል!

ክንዴ፦ ድምፅዋ ቁርጥ ሊድያን ነው። አያ ያርጋል፣ በሞቴ፣ ልክፈት!

ያርጋል፦ የሊድያን ድምፅ ለእኔ? ከሺህ ሴት መካከል እለያታለሁ! የሊድያ ማር ነው። ይቺማ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ናት፣ ሲጥ ሲጥ። ባሏ እንዴት ችሏት ይሆን?

[ውጭ ጸጥ ይላል። ይኸኛው ዝምታ ሊቃውንቱ ያልጻፉለት ዓይነት ነው።]

መሪጌታ፦ ሰማሽው ልጄ?

ሊድያ፦ ሰማሁት።

ክንዴ፦ እኔ ልክፈት! እባክህ ልክፈት!

ሊድያ፦ ቆይ፣ ያ ልክፈት ልክፈት የሚለው ማነው?

ያርጋል፦ መልስላት! ካንተ ጋር እያወራች ነው፣ ዕድልህን አታበላሽ!

ክንዴ፦ [እየጮኸ] ክንዴ ነኝ! የወይዘሮ ሐመልማል ልጅ! ገና መሪጌታ እንዳንኳኩ ልከፍት ተነሥቼ ነበር፤ ብርድ አስመታኋችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ!

መሪጌታ፦ ከየት ነህ ልጄ? ምንድነው ሥራህ?

ክንዴ፦ ሳንቃ በር በቅሎ እነዳለሁ፣ አባቴ! የእርስዎም በቅሎ ከርቀት ስትመጣ ሰምቻታለሁ፤ ደክሟታል፣ ውኃ ትፈልጋለች!

መሪጌታ፦ አግብተሃል?

ሊድያ፦ [ሳቋ ያመልጣታል] አባዬ!

መሪጌታ፦ ምነው፣ መጠየቅ ነው።

ክንዴ፦ [ለያርጋል፣ በጭንቀት] አግብተሃል ወይ አሉኝ! ምን ልበል?

ያርጋል፦ አላገባሁም በላቸዋ! አትፈር፣ ጨዋታው እንዲህ ነው የሚጣፍጠው!

ክንዴ፦ አላገባሁም አባቴ!

መሪጌታ፦ እንግዲያው ና በቅሎዬን ያዝልኝ። እስከ ቤት ሸኘን፤ በመንገድ እንጫወታለን።

ሊድያ፦ ና፣ ክንዴ።

[ክንዴ ያርጋልን ያያል፤ በሩን ያያል። በመጨረሻ በሩን ይከፍታል። የደባርቅ ብርድ ሰተት ብሎ ይገባና ያርጋልን ከእግሩ እስከ ጆሮው ይዳስሰዋል።]

ያርጋል፦ [በደስታ እየተንዘፈዘፈ] ብርዱ! ክንዴ፣ ብርዱ ሳይቀር ይወጣል! ይኸን እንኳ ጽሑፉ አልነገረኝም!

[ኮቴው መራቅ ይጀምራል። ሊድያ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ ክንዴ ሲመልስላት ሦስቱም ይስቃሉ።]

ያርጋል፦ ስማ ሲርቅ… ከፊት… ወደ ግራ… አሁን አቀበቱን ያዘ… ሳቃቸው እንዴት ነው እባክህ! ሽማግሌው ረካ፣ ልጅቱም ያን በር ከፋች ወደደችው። ወይ አጨራረስ! [ዓይኑን እንዳሰረ ቆሞ ያጨበጭባል።] አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ ክንዴ። ያ ባለቤቱ ጅልስ? ልጅቱ ከደጁ ስትመለስበት ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራ ነበር?