ዳዊት ስለ ማን ተናገረ?

ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ታውቁ የለም? አልቃሿ የሟቹን ደግነት፣ ቁመናውን፣ የበሬዎቹን ስም ሳይቀር እየጠራች ታወርዳለች። ከጎናችሁ የተቀመጠችው ሴት ሟቹን አንድ ቀን ገበያ ላይ ከማየት በቀር አታውቀውም፤ እንባዋ ግን የሁሉንም ይበልጣል። የምታለቅሰው ከዓመታት በፊት ለቀበረችው ወንድሟ ነው። ግጥሙ ለማን ተገጠመ? ለሟቹ። የማን ሆነ? እሱን ሴትዮዋን ጠይቋት። እኔ ይህን የተማርኩት ከአንድ የሲማዳ መሪጌታ ነው፤ ትምህርቱም ሁለታችንን ወህኒ ሊያወርደን ጥቂት ነበር የቀረው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ከወረዳው ከተማ ከወገዳ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ከምትርቅ ቀበሌ ተመደብኩ። ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል አለው፤ አንድ መምህርና አንድ ዳይሬክተር። ሁለቱም እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ ከገብሱ ማሳና ከነፋሱ ጋር እቀራለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንዳንድ ቀን ድምፄ አብሮኝ መኖሩን ለማረጋገጥ ብዬ የተማሪዎቹን ስም ለባዶ ክፍል እጠራ ነበር። አቤት የሚል አልነበረም።

ማደሪያዬ መሪጌታ ፈንታ ግቢ ውስጥ ነው። ሚስታቸው ሞታለች፤ አንድ ልጃቸው አለሙ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ከደጃፋቸው መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳዊት ይደግማሉ። አንድ ቀን ወጣሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሃይማኖት ይዞኝ አይደለም፤ ሰው አምሮኝ ነው። ከዚያ ወዲህ «መምህር፣ ና» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር።

ግዕዙን ያነቡና በአማርኛ ይተረጉሙልኛል። አንድም ስለ ራሱ ስለ ዳዊት ነው፤ አንድም ወደ ባቢሎን ስለተማረኩት ነው፤ አንድም ስለ ክርስቶስ ነው። መንገዱ ከየትም ይነሣ፣ መድረሻው ክርስቶስ ጋ ነው። እኔ ደግሞ ግጥም የገጣሚው ነው እየተባልኩ የተማርኩ ሰው ነኝና ዝም አላልኩም።

«የኔታ፣ ዳዊት እኮ ክርስቶስ ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የነበረ ሰው ነው። ስለ ራሱ መከራ አልቅሶ ቢሆንስ?»

«እጅና እግሩን እንደቸነከሩት ይናገራል። ዳዊትን ማን ቸነከረው?»

«ማንም።»

«በልብሱ ዕጣ እንደተጣጣሉበት ይናገራል። በንጉሥ ልብስ ማን ዕጣ ይጣጣላል? ዳዊት በእርጅና አልጋው ላይ ነው የሞተው።»

«ምሳሌ ይሆናላ።»

«ይሁን» አሉ። «ምሳሌ ከሆነ የሚመሰልለት ሰው ያስፈልገዋል።»

አንድ ጠዋት በጣሪያ ላይ ብቻዋን ከቀረችው ወፍ ደረስን። ይቺማ እኔ ነኝ፤ በሆዴ ያልኩ መስሎኝ በአፌ አወጣሁት። መሪጌታ ሳቁ። «አንድም» አሉ ጣታቸውን እያነሡ፣ «ስለ ሲማዳው መምህር ነው።» ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ወደ ወገዳ መንገድ አዩ። ደብዳቤ የሚመጣው በዚያ ነው።

ጣጣው የመጣው በአንድ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ፣ የምድር ነገሥታት መክረው በእግዚአብሔርና በመሲሑ ላይ ስለመነሣታቸው የሚናገረውን ቦታ ተረጎሙ። ሄሮድስንና ጲላጦስን ጠሩ። ከሰሚዎቹ አንዱ ግን ከሄሮድስ የሚቀርቡ ገዢዎች ታዩትና ወሬውን ለወገዳው ካድሬ አደረሰ። በሦስተኛው ቀን ሁለታችንም ወገዳ ተጠራን፤ እሳቸው ተከሳሽ፣ እኔ አብሯቸው የሚኖር የተማረ ሰው ነው ተብዬ ምስክር። ባለፈው ዓመት በዚህ ዓይነት ጥሪ የሄዱ ሁለት ገበሬዎች እንደወጡ ቀርተዋል።

ካድሬው ወጣት ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይርቅም። የመሪጌታ ዳዊት ጠረጴዛው ላይ ፊቱ ተከፍቷል። ተዘቅዝቆ።

«ጓድ መምህር፣ ይህ ግጥም ስለ ማን ነው?»

በየጠዋቱ የተከራከርኩት ሁሉ ለዚህች ቀን ደረሰልኝ። «የጥንት የዕብራውያን ንጉሥ ስለ ራሱ ጠላቶች የገጠመው ነው። ከእሱ ወዲያ ማንንም አይመለከትም» አልኩ።

ካድሬው ደስ ብሎት ጻፈ። «ስለ ሞተ ሰው ነው ማለት ነው። መሪጌታ፣ ይስማማሉ?»

አዎ ይበሉ፣ እባክዎ አዎ ይበሉ እያልኩ በዓይኔ ለመንኳቸው።

«መምህሩ ያለው አንዱ ነው» አሉ። «ሌላው ይቀራል።»

«ሌላው ማን ነው?»

«ክርስቶስ።»

«አብዮቱስ?»

«እሱን እንኳ አላገኘሁትም። ከልጅነቴ ጀምሮ ደግሜዋለሁ፤ የለም።»

ካድሬው ብዕሩን አስቀመጠ። አብዮቱ ዳዊት ውስጥ አለመኖሩ ይሻላል ወይስ ይከፋል? መመሪያ ያልወጣለት ጥያቄ ነበር። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ያዳነን ያ ሳቅ ነው፤ የእኔ ምስክርነት አይደለም። ከእንግዲህ ሕዝብ ሰብስበው እንዳይተረጉሙ አስፈርሞ መጽሐፋቸውን መለሰላቸው።

ስንመለስ መሪጌታ ከፊቴ ከፊቴ ይራመዱ ነበር። ወንዙን ተሻግረን ዓረፍ ስንል ነው አፋቸውን የከፈቱት።

«ልታድነኝ ብለህ ነው፤ አውቃለሁ። አልተቀየምኩህም።»

መቀየማቸውን በዚህ አወቅሁ።

«ግን ልጄ፣ ስለ ሞተ ሰው ብቻ ነው አልክ። አለሙ ከሄደ ወዲህ በየጠዋቱ የምቀመጠው የሞተ ንጉሥ ላስተዛዝን መሰለህ? በመዝሙሩ ውስጥ ወዳጆቹ የሸሹት፣ ተጣርቶ መልስ ያጣ፣ ያ ሰው ክርስቶስ ከሆነ፣ ልጄ የትም ጉድጓድ ውስጥ ቢሆን ብቻውን አይደለም። ካልሆነ ግን...»

አልጨረሱትም። ዳዊታቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ተነሡ።

እኔ ለካ ስለ ሰዋስው ስከራከር ኖሬያለሁ። እሳቸው ግን የሚከራከሩት ስለ ልጃቸው ነበር።

በማግስቱ አልጠሩኝም። በሳምንቱም። ድምፃቸው በግድግዳው በኩል ይመጣል፤ ትርጓሜው ቀርቷል፣ ግዕዙ ብቻ። ወር ያህል እንዲህ ከኖርን በኋላ አንድ ጠዋት ሳልጠራ ወጣሁና ከመደቡ ጫፍ ተቀመጥኩ። ንባባቸውን ሳያቋርጡ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። እኔም ትርጓሜ አልጠየቅሁም።

በክረምቱ ወደ እስቴ ተዛወርኩ። ከዚያ በኋላ መሪጌታን አላየኋቸውም፤ የአለሙንም ወሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የተመደብኩበት የእስቴ ዋና ከተማ፣ መካነ ኢየሱስ፣ አውቶቡስ የሚገባበት ነው፤ ያረፍኩበት ግቢ ብቻ አሥራ አንድ ሰው ይኖርበታል። ሰው ሲበዛ ብቸኝነት የሚሸሽ ይመስላችኋል? እኔም መስሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት ከገበያ ያገኘሁትን አሮጌ ዳዊት ገለጥኩና በዚያ በተሰባበረ ግዕዜ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የግቢው ባለቤት እማማ ጥሩነሽ በሩን ቆረቆሩ።

«መምህር፣ ሰው መጣብህ እንዴ? ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ዳዊቱን እንደያዝኩ በሩን ከፈትኩላቸው።

«እሱን ገና ለይቼ አላወቅሁትም፣ እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲያ ቁርሱን ለሁለት ላድርገው» ብለው ሄዱ።

የምራቸውን ኖሯል። ለሁለት ሰው የሚበቃ ቂጣ በሳህን ይዘው መጡ። ጥቂት ጠበቅሁና ብቻዬን ጨረስኩት።