አሰልጣኝ ቨርና ልጆቻችንን ስትደለድል

ሰውን ሁሉ በሦስት ካልደለደለች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት የሌለችበት ከተማ የለም። የኛዋ ክብርት ወይዘሮ ቨርና ኮልተርማን ትባላለች። አሜሪካ፣ ነብራስካ ውስጥ በቆሎ በከበባት ከተማችን፣ ኳስ በዱላ በሚመታበት በሶፍትቦል ጨዋታ የሴት ልጆቻችን አሰልጣኝ ናት።

ቨርና ለችሎታ ደንታ የላትም። «መምታቱን እኔ አስተምራለሁ፤ መምጣቱን ግን ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ» ትላለች። ስለዚህ ቡድኖቿ ሦስት ናቸው፤ ቢዘንብም የሚመጡ፣ ፀሐይ ከወጣ የሚመጡ፣ ከልምምድ በኋላ ለሚታደለው ብርቱካን ሲሉ የሚመጡ። ሦስት ቅዳሜ ከልምምድ የቀረች ልጅ፣ የንጉሥ ልጅም ብትሆን መጨረሻው ቡድን ትወርዳለች።

ሰበብ እሷ ዘንድ አይሠራም።

«አሰልጣኝ፣ ቅዳሜ ሠርግ አለብን።»

«ማን ነው የሚያገባው?»

«የአባቴ የአክስት ልጅ።»

«እሱ አምናም አግብቶ ነበር። ለሚቀጥለው ትደርሻለሽ።»

ዘንድሮ ጭንቁ የሜረን ነበር። ሜረን ከትምህርት ቤት መልስ የእህል ጎተራው ግድግዳ ላይ ኳስ ስትወረውር የምታመሽ ልጅ ናት። እናቷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ስለምትገባ፣ ሕፃን ወንድሟን የምትጠብቀው እሷ ናት። አራት ቅዳሜ ቀረች። በድልድሉ ቀን የኳስ መያዣ ጓንቷን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ መሬት መሬት እያየች ቆመች። አንጀቴን በላችው።

«ሜረን፣ አንደኛ ቡድን» አለች ቨርና።

ዱዋይት የሚባለው የአንዷ ልጅ አባት ብድግ አለ። «እንዴ ቨርና! አራት ቅዳሜ ቀርታ? ሕግሽ የት ገባ?»

«እሷ አልቀረችም፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ቤቷ ከቤቴ ሦስት ቤት አልፎ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ጎራ ብዬ ምን ገጠመሽ አላልኳትም። በል አሁን ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ።

በቀጣዩ ቅዳሜ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ሜዳው ስደርስ የቨርና ጩኸት የለም። ታማ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ የሜረን ወንድም ጭኗ ላይ ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዶታል። ያ ከብት የሚያስበረግግ ድምፅ ሹክሹክታ ሆኗል። ልጆቹ ትእዛዝ ለመስማት እየሮጡ ይመጡና ጆሯቸውን አስጠግተው ይመለሳሉ። ይህችን ሴት እወዳታለሁ፣ ምን ላድርግ።

ሜረን ኳሷን በዱላ መትታ ከአጥሩ ማዶ ስትልካት ሁላችንም ዘለን ተነሣን። ቨርና ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ!» አለችን። የከተማው ሰው ሁሉ አፉን ይዞ፣ እጁን እያወዛወዘ በዝምታ ጨፈረ፤ ከሁሉም ፊት ዱዋይት።