የእትዬ ኢንሳፍ ዘንቢል

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ገበያው የፈለገውን ቢል፣ እሱ "ይሁን" ካላለ ዋጋ ዋጋ አይሆንም። እኛ ሰፈር፣ ሹብራ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ክብርት እትዬ ኢንሳፍ ናቸው። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ከበረንዳቸው ሥር ቲማቲም በጋሪ የሸጥኩ፣ ራሴን ነጋዴ ነኝ የምል ረጀብ ነኝ።

ቲማቲምን እዚህ አገር "እብዷ" እንላታለን፤ ዋጋዋ ውሎ አያድርም። እትዬ ኢንሳፍ ዘንቢላቸውን በገመድ ያወርዱና "ስንት አልካት?" ይላሉ። ኪሎዋን በአገራችን ገንዘብ ሰላሳ ጊኔ ካልኩ ባዶው ዘንቢል ሽቅብ ይመለሳል። "ትቆይ!" ይላሉ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሁሉ እንደማያውቀኝ ይሆናል። አስራ አምስት ስል ግን ዘንቢሉ ይወርዳል፤ የጎረቤቱም ዘንቢል ተከታትሎ ይወርዳል። ምነው እኚህ ሴትዮ አንድ ቀን እንኳ ዝም ባሉልኝ እያልኩ ስንቴ ተማርሬያለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ዝም አሉ። ሦስት ቀን ገመዱ አልወረደም። ደስ ብሎኝ ሰላሳ ላይ ሙጭጭ አልኩ፤ ሰው ሁሉ የእሳቸውን በረንዳ እያየ አለፈኝ። ሃያ አልኩ፣ ማንም የለም። አስር ስል ጭራሽ "ምን ሆና ነው እንዲህ የረከሰችው?" ብለው ሸሹኝ። እኔ ብልጡ! ያለ የሌለ ገንዘቤን ያፈሰስኩበት ቲማቲም ከሥር ከሥር መበስበስ ጀመረ።

በአራተኛው ቀን ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደረጃውን ወጣሁ። እትዬ ኢንሳፍ ያበጠ ጉልበታቸውን በሻሽ አስረው ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ወጣ ብለው ይከራከሩኝ" አልኳቸው።

"ስንት እያልካት ነው?"

"አስር።"

"አንተ ሞኝ፣ በአስር ማን ያምንሃል? ሂድና ሃያ በል። አስራ አምስት የማደርጋት እኔ ነኝ።"

ደግፌ በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸውና ወርጄ ሃያ ብዬ ጮህኩ። የስድብ መዓት አወረዱብኝ፤ እኔም መሐላዬን ደረደርኩ። አስራ አምስት ላይ ዘንቢሉ ወረደ። ቀትር ሳይሆን ጋሪዬ ባዶ ቀረ።

በማግስቱ ጋሪዬን አቁሜ አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ላይ አንጋጥጬ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ገመዱ ተንቀሳቀሰ።

"ስንት አልካት?"

"ሰላሳ።"

"ሌባ!" አሉኝ።

እፎይ አልኩ። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል።