ለአንድ ገብርኤል ሁለት ጃንጥላ

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የዥንጉርጉሩን ዓይነት ማየት የፈለገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ ይቁም። እናቶች መኪናቸው ውስጥ እስኪገቡ ድረስ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማን ልጅ ምን ሆነ። የአንዷ ፋርማሲስት ነው። የአንዷ ነርስነቱን ጨርሳ ሌላ ማዕረግ ጀምራለች። የአንዷ ደግሞ ባንክ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ቤቱን ለባንክ እያስረከበ በሚወጣበት በዚያ ዘመን፣ እሱ ከተረካቢዎቹ ወገን ሆኗል። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ መኪናዬን ያቆምኩበት ቦታ ይጠፋኛል።

የእኔ ናቲ ሥራው መውደቅ ነዋ። እሱ ሰው ላይ ይወድቃል፣ ሰው እሱ ላይ ይወድቃል።

ጨዋታው ራግቢ ይባላል። ራግቢም ሁለት ዓይነት ነው አሉ፤ የእሱ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ሆነው የሚገጥሙበት፣ ሊግ የሚሉት ነው። ዳላስ ሰው የሚያብድለትን ፉትቦል የሚጫወቱትስ እሺ፣ ራሳቸው ላይ ድስት የመሰለ ነገር ይደፋሉ፣ ትከሻቸው ላይ ትራስ ያስራሉ። የእኔ ልጅ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መርጦ ያመጣው ድስትም ትራስም የሌለውን ነው።

የክርስትና እናቱ እትዬ አስካለ ጨዋታውን አስረጂኝ ብለው ያዙኝ። እንደገባኝ ነገርኳቸው። የሚሮጡት ወደ ፊት ነው፤ ኳሷን ግን በእጅ ወደ ኋላ ካልሆነ መወርወር ክልክል ነው። ኳስ የያዘውን አንቀው ይጥሉታል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይጥሉታል። ስድስቴ ከጣሏቸው ኳሷን ለባላጋራ ያስረክባሉ። ጻድቅ ሰባት ጊዜ ወድቆ ይነሣል ሲባል ነበር የምንሰማው፤ እነዚህ አንዷን ሸርፈዋታል። እትዬ አስካለ ጥቂት አሰቡና፣ "ታዲያ ይሄ ልጅ ምን በድሎ ነው?" አሉኝ።

እኔ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ። መራመድ ያቃተውን መንገደኛ ከአውሮፕላኑ መውጫ ጌት ተቀብዬ ሻንጣ መረከቢያው ድረስ አደርሳለሁ። እንግዲህ በቤታችን ሥራ ተከፋፍለናል ማለት ነው፤ እሱ ይጥላል፣ እኔ እገፋለሁ።

አንድ ምሽት ራት ላይ፣ "እማ፣ ሶ፣ ከእንግሊዝ አገር አንድ ሰውዬ እኔን ለማየት ይመጣል" አለኝ። "ከወደደኝ ኮንትራት ይሰጠኛል። ፕሮፌሽናል እሆናለሁ። ዲግሪውን በኋላ እጨርሳለሁ።" ከዚህ ሁሉ እኔ የሰማሁት የመጨረሻዋን ብቻ ነው። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢኖር ይቆጣው ነበር። እኔ ቁጣ አልችልበትም፤ የምችለው ስለት ነው። "ቅዱስ ገብርኤል፣ ልጄን ከዚህ ጨዋታ ብታወጣልኝ የወርቀ ዘቦ ጃንጥላ አስገባለሁ" አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

የጨዋታው ዕለት ሺፍት ቀይሬ ሄድኩ። ሰውዬው ፀሐይ ያቀላው ቀጭን ነው፤ ከአጠገቤ ተቀምጧል። ናቲ በወደቀ ቁጥር ብድግ እላለሁ፣ በተነሳ ቁጥር እቀመጣለሁ። ሰውዬው ደጋፊ መስዬው ፈገግ ይልልኛል። በዚያን ቀን ገብርኤልን ምን እንደነካው አላውቅም፣ ልጄን የሚይዘው ጠፋ። በመጨረሻ ሦስት ጎረምሳ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ መስመሩን አለፈና ኳሷን መሬት አስነካ፤ ይሄ ለእነሱ ጎል ነው። ሰውዬው ስልኩን አወጣ። ኮንትራቱ መጣ።

የገብርኤል ክብረ በዓል ዕለት ቄሱ ስለታቸው የሰመረላቸውን ስም ይጠራሉ። "ናትናኤል" ሲሉ የሰው ልጅ መስሎኝ እልል አልኩ። ቀና ስል የራሴው ናትናኤል ነጠላውን አጣፍቶ ጃንጥላ ታቅፏል። ጃንጥላ ስላችሁ ወርቀ ዘቦ እንዳይመስላችሁ። ከስፖርት ዕቃ መደብር የገዛው፣ ጎልፍ ተጫዋቾች የሚይዙት፣ ቀይና ነጭ ነው። ቄሱ ተቀብለው አገላበጡት፣ ቁልፉን ነካ ቢያደርጉት ጧ ብሎ ተከፈተ። ዲያቆኑ ሸሸ። እሳቸው ፊታቸው እንኳ ሳይለወጥ፣ "እግዚአብሔር ይቀበልልህ" አሉት። በማን ይፈረዳል? ሕፃን ሳለ "ከጨነቀህ ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳል" ያልኩት እኔ ነኝ፤ የምን ዓይነት እንደሆነ የነገረው የለም።

መኪና ውስጥ፣ "ምን ብለህ ነው የተሳልከው?" አልኩት።

"ኮንትራቱን ካገኘሁ ብዬ።"

"ለገብርኤል?"

"ሌላ ማንን አውቃለሁ፣ እማ?"

"እኔም እኮ ተስዬ ነበር።"

"ሶ ለሁለት ለመንነው" አለና ደስ ብሎት ትከሻዬን አቀፈ። ምን ብዬ እንደተሳልኩ አልጠየቀኝም።

እኔ ግን ቄሱን ጠየቅኳቸው። "አባቴ፣ ሁለት ሰው አንዱን መልአክ በተቃራኒ ቢለምኑ የማንን ይሰማል?" አልኳቸው። "የሁለታችሁንም" አሉኝ፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ሳልነግራቸው። "ቀጠሮ ግን አይሰጥም።"

ናቲ ሄደ። የስልክ ካርድ እየፋቅኩ እደውላለሁ። ምን በላህ? ድንች። ተሰበርክ? ትንሽ። ፎቶው በአገራቸው ጋዜጣ ወጣና ቆርጦ ላከልኝ፤ ፓርኪንግ ውስጥ አዞርኩት። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው፣ "የላይኛው ነው የታችኛው?" አሉ። የታችኛው ነበር። ቢሆንም ሰው ይለምዳል፤ ቆይቼ እኔ ራሴ በጸሎቴ መጨረሻ ላይ ቡድኑን ጣል ማድረግ ጀመርኩ። መኪናዬ የቆመችበትም አይጠፋኝም። ስለቴን ረሳሁት። ገብርኤል ግን አልረሳም።

በሁለተኛው ዓመት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ጨዋታ የለም አሉት።

ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ ከለንደን የሚመጣውን አውሮፕላን ጌት ወሰድኩ። ዊልቸር የጠየቀው መንገደኛ ክራንቹን ታቅፎ ብቅ አለ፤ አይቶኝ ዓይኑን ሰበረ። "እማ፣ አንቺ አትግፊኝ፣ ያሳፍራል።"

"ተቀመጥ፣ ሥራዬ ነው።"

ስንት ሰው ገፍቻለሁ፤ እንደ እሱ የከበደኝ የለም።

ስለት ዕዳ ነውና ወርቀ ዘቦውን ገዛሁ። በበዓሉ ቄሱ ስሜን ጠሩ፣ ሕዝቡ እልል አለልኝ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ጃንጥላዬ ከቀይና ነጩ ጎን ቆመ። ናቲ በክራንቹ ተጠግቶ፣ "የምን ስለት ነበር?" አለኝ።

"ልጄን ቤቱ እንዲያስገባልኝ ነው" አልኩት። ሐሰትም አይደል።

ጃንጥላውን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ዘርፉንም ዳሰሰው። "ኦኬ፣ በዚህኛው ጊዜ እንደዚህ ያለውን ነው የማመጣው" አለና ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

ምን ብሎ እንደተሳለ አልጠየቅኩትም። እዚያው ቆሜ እኔም ተሳልኩ፤ ምን ብዬ እንደሆነ አልነግራችሁም። ብቻ እኛ እስካለን ድረስ ቅዱስ ገብርኤልን ዝናብ አይመታውም።