ማራገቢያ አጥፊው ፕሮፌሰር

በየሆስፒታሉ አንድ ማራገቢያ አጥፊ ሐኪም አለ። የለም የሚል ሰው ታሞ አያውቅም። የኛ የኦምዱርማኖቹ ክቡር ፕሮፌሰር ሲር አልኸቲም ናቸው። በግንቦት ሙቀት፣ ግድግዳው ሳይቀር በሚያልበው ክፍል ይገቡና ሰላም ሳይሉ እጃቸውን ወደ ማብሪያው ይሰዳሉ። «የማዳምጠው ልብ ነው፤ ንፋስ አይደለም።»

እኛ ደግሞ በሽተኛ የምንጠይቀው ሰፈሩን ይዘን ነው። ጤናው፣ ልጆቹ፣ ፍየሎቹ ሳይቀሩ ካልተጠየቁ ሰላምታችን አያልቅም። አክስቴ ሐጃ በቱል አንዴ ገና ፍየሎቹ ላይ ስትደርስ እኚሁ ሰውዬ በር አሳይተዋታል። እስከ ቅርብ ጊዜ ስማቸው ሲነሳ ፊቷን ታዞር ነበር።

ወጣቶቹ ሐኪሞች የልብ አልትራሳውንድ ማሽን አለ እኮ ሲሏቸው፣ «ማሽኑ ይጠብቅ፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ አልጠብቅም» ይላሉ። ከዚያ በሽተኛውን ቁጢጥ ያስብሉታል፣ ያስነሱታል፣ ትንፋሽ ያስይዙታል። የስፖርት አስተማሪ ነው የሚመስሉት። አንድ አመል ደግሞ አለባቸው፤ ክፉ ነገር ከሰሙ ማራገቢያውን መልሰው ማብራት ይረሳሉ። ይህን የማያውቅ ጠያቂ የለም።

በቀደም ተራው የኔ ሆነ። የወንድሜ ልጅ ሪሓብ ልብ ውስጥ ሹሽ የሚል ድምፅ አለ ተባለ። አባቷ ሙዘሚል የልቡ ጡንቻ ከልክ በላይ ወፍሮ ኖሮ፣ ኳስ ሜዳ ላይ እንደወደቀ ቀርቷል። የሱ በሽታ ለልጅቷ ተርፏት ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ፕሮፌሰሩ መጡ። ማራገቢያውን አጠፉ፣ አክስቴን አስወጡ። ስትቆም ድምፁ ከጎላ የአባቷ ዓይነት ሊሆን እንደሚችል፣ ከከሰመ ግን ብዙ ጤነኛ ልጆች ላይ የሚሰማ፣ ጉዳት የሌለው ድምፅ እንደሚመስላቸው ነገሩኝ። ቁጢጥ አስብለው አዳመጧት።

«አሁን ተነሺ፣ የኔ ልጅ።»

ተነሳች። ላቤ በአፍንጫዬ ይወርዳል። አዳመጡ፤ ደግመው ቁጢጥ አስባሏት፣ ደግመው አስነሷት። ከዚያ ማራገቢያውን እንዳጠፉ ወደ በሩ አመሩ። አለቀልን አልኩ።

በሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ማብሪያው ላይ አረፈ። ማራገቢያው እየተንቋቋ መዞር ጀመረ።

«ስትቆም ጠፋ» አሉ። «የአባቷ ነገር ስላለ ማሽኑም ይያት። እናንተ ግን ዛሬ ቤታችሁ በሰላም ተኙ።»

እፎይ ብዬ አለቀስኩ። ሐጃ በቱል ተንደርድራ ገባችና የፕሮፌሰሩን እጅ ይዛ ሰላምታዋን ካቆመችበት፣ ከፍየሎቹ ቀጠለች። ፍየል የላቸውም። ቆመው ግን ደህና ናቸው አሏት።

ማሽኑም ያንኑ መሰከረ። አሁን በሽተኛ ልጠይቅ ሄጄ እሳቸው ብቅ ሲሉ፣ ቀድሜ ተነስቼ ማራገቢያውን የማጠፋው እኔ ነኝ።